አሮጌ ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተርና ሞተር ፈትቶ መሸጥ፦ መዶሻው መቼ ይነሳል?

«ውስጡ ስንት ኪሎ መዳብ አለው?»

ይቺን ጥያቄ ሳልሰማ ሳምንት አያልፍም። አንዱ የተቃጠለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ፎቶ ይልካል። ሌላው ጓሮው ውስጥ ዓመት ሙሉ የተረሳ ጄኔሬተር አለው። ሌላዋ አሮጌ የብየዳ ማሽን በኪሎ ገዝታ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷታል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። አሮጌ የኃይል ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ በዕቃነቱ፣ ሌላው በኪሎ። በዕቃነቱ የሚሸጠውን ነገር አንዴ በመዶሻ ከመታችሁት ወደ ኪሎ ይወርዳል። ከኪሎ ግን ወደ ዕቃ አይመለስም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

ጭራሽ የማይነኩ

እነዚህን ካገኛችሁ ቁልፍ አታንሱ።

በዘይት የተሞላ ትራንስፎርመርና አሮጌ የዘይት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ)። የቆዩት ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖር ይችላል። ካንሰር ያመጣል፣ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ፒሲቢ ያለበትን መሣሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ከአገልግሎት እንዲያወጡ ቀን የቆረጠው ለዚህ ነው። ዘይቱን አይታችሁ ወይም አሽታችሁ አትለዩትም፣ ምርመራ ይፈልጋል። ዘይቱን ደፍቶ ብረቱን መሸጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን። አንዳንዱ ኤስኤፍ6 የተባለ ጋዝ አለው። ጋዙን ማውጣት ያለበት ሠልጥኖ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው።

ያበጠ የሊቲየም ባትሪ። አይበሳም፣ አይጨፈለቅም፣ ከሌላ ብረት ጋር በአንድ ጆንያ አይገባም።

ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ። በተለይ ከኤሌክትሪክ መስመር የወረደ ገመድ፣ የመሬት ሽቦ፣ የምሰሶ ትራንስፎርመር። ተቆርጦ የሚሸጠው የመሬት ሽቦ ለሌላ ሰው ሕይወት የተቀበረ ነው። እናንተንም ያሳስራል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ካቻቢቴ በየዓይነቱ፣ ከ8 እስከ 19 ሚሊሜትር ቁልፎች
- ፒንሳና ካተር
- መዶሻ፣ የተሳለ የብረት መሮ፣ ሰጌቶ
- ግራይንደር (ባይኖርም ይቻላል)
- ማልቲሜትር፣ እስከ 600 ቮልት ዲሲ የሚለካ
- ክር ያለው የድሮ ዓይነት አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከነመያዣውና ከሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች ጋር
- ማግኔት፣ ሞረድና ስለታም ቢላ
- ሚዛን
- ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የአቧራ ማስክ
- ናስትሮ
- ቤኪንግ ሶዳና ብዙ ውሃ (ባትሪ ካለ)
- ሰባት ስምንት ባልዲ ወይም ካርቶን

አምፖሉ ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ይገባችኋል። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ፎቶ አንሱ፣ መዝኑ

የስም ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። ሞዴል፣ ኃይል፣ ቮልቴጅ፣ ተከታታይ ቁጥር። ኋላ ላይ መለዋወጫ ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞዴሉን ነው። ሰሌዳው ከወለቀ በኋላ «ከምን እንደወጣ አላስታውስም» ማለት ዋጋውን ራስ ማውረድ ነው። የግዢ ወረቀት ካላችሁም አብሮ ይቀመጥ፤ ብረት ገዢዎች ይጠይቃሉ።

ከዚያ ሙሉውን መዝኑት። ፈትታችሁ ስትጨርሱ ያወጣችሁትን ከዚህ ቁጥር ጋር ታስተያያላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ ዕቃ ስትገዙ ስንት መክፈል እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ ከኃይል አላቁ

ስፒናውን ንቀሉ። ባትሪ ካለ አውጡ። ዩፒኤስ ከሶኬት ተነቅሎም በባትሪው ይሠራል፤ መውጫው ላይ ሙሉ 220 ቮልት ሊኖር ይችላል። ባትሪ ስታወጡ የመጀመሪያውን ሽቦ እንደነቀላችሁ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉ። ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ ይፈነዳል፣ ይቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው። ቻርጅ አድርጋችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉና ለኩት። ከ12.5 በላይ ካሳየ ተስፋ አለው። ግን ቮልቱ ብቻ አያሳምናችሁ፤ የመኪና አምፖል አገናኙበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ወዲያው ከ10.5 በታች ከወረደ ሞቷል፣ በኪሎ ይሄዳል። ካልወረደ በዕቃነቱ ይሸጣል።

የሞተውንም ቢሆን አትክፈቱት። እርሳሱን ብቻ ለይቶ መሸጥ የሚያተርፍ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የእርሳሱ አቧራም ልጆች ያሉበት ቤት ይገባል። ገዢው የሚፈልገው ሙሉውን ነው። አሲድ ከፈሰሰ ቤኪንግ ሶዳ በትኑበትና ፍልቅልቁ ሲቆም እጠቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እያጠባችሁ ሐኪም ፈልጉ።

ጄኔሬተር ከሆነ ነዳጁንና ዘይቱን ቅዱ። ዘይቱ በተከደነ ጀሪካን ይቀመጥ። ታንከሩ ባዶ ሆነ ብላችሁ ደግሞ በግራይንደር እንዳትነኩት። ባዶ ታንከር ውስጥ የቀረው የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ አንድ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። ታንከሩን በቁልፍ ፍቱ፣ ሳይቆረጥ ይሸጥ።

ደረጃ 3፦ ካፓሲተሩን አራግፉ

ሰዎች የሚያልፉት ደረጃ ይህ ነው። እኔም አልፌዋለሁ። ሦስት ቀን ከሶኬት ተነቅሎ የተቀመጠ የብየዳ ኢንቨርተር ከፈትኩና «ሦስት ቀን ቆይቷል» ብዬ ቦርዱን ለማውጣት ካቻቢቴ አስገባሁ። ጧ! አለ። የካቻቢቴው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጉድጓድ ቀለጠች፣ ጆሮዬ ለሰዓት ያህል ጮኸ። ጣቴ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር ይሆናል።

የሚሆነው ይህ ነው። 220 ቮልት በዳዮድ ተስተካክሎ ካፓሲተር ውስጥ ሲገባ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። የሚያራግፈው ሬዚስተር ከሌለ ወይም ከተቃጠለ ይህ ኃይል ለቀናት ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ተጠንቅቃችሁ የምትከፍቱት የብየዳ ኢንቨርተር፣ የሶላር ኢንቨርተርና ትልልቅ ዩፒኤስ ነው። ሞተር ላይ የተለጠፈው ነጭ ወይም ጥቁር ካፓሲተርም እንዲሁ።

አሠራሩ፦

1. ማልቲሜትሩን መጀመሪያ ቮልቱን በምታውቁት ባትሪ ላይ ሞክሩ። የተበላሸ ሜትርም «0» ያሳያል።
2. መራጩን ዲሲ ቮልት ላይ፣ ከፍተኛው መጠን ላይ አድርጉ። ኤሲ ላይ ከለካችሁ የተከማቸውን ቻርጅ አያሳያችሁም።
3. 400 ወይም 450 ቮልት የሚል የተጻፈባቸውን ትልልቅ ካፓሲተሮች ፈልጉና እግሮቹን ለኩ። አንድ እጃችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መንገዱ ልብ ነው።
4. ቮልት ካለ የአምፖሉን ሁለት ሽቦ ሁለቱ እግር ላይ አስነኩ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ብልጭታው የተከማቸው ኃይል ወደ ብርሃንና ሙቀት ሲለወጥ ነው፤ ለዚህ ነው ካቻቢቴ ሳይሆን አምፖል።
5. አምፖሉ ጠፋ ማለት ካፓሲተሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት ሰከንድ ያዙትና እንደገና ለኩ።
6. አንድ ደቂቃ ጠብቁና ሦስተኛ ለኩ። ትልልቅ ካፓሲተር ከተራገፈ በኋላ በራሱ ትንሽ ቮልት መልሶ ያወጣል። ከ5 ቮልት በታች ከሆነ እግሮቹን በሽቦ አገናኝታችሁ እንደተገናኙ ተዉት።

አምፖሉ ምንም ብልጭ ካላለ ክሩ ተበጥሶ እንደሆነ አረጋግጡ። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር በዚህ መንገድ አይራገፍም፤ ቮልቴጁ ወደ 2,000 የሚጠጋ ስለሆነ ተዉት።

ደረጃ 4፦ ሳይፈርስ የሚሸጠውን አውጡ

አሁን ካቻቢቴ እንጂ መዶሻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማሽን የሚጣለው አንድ ነገር ስለተበላሸበት ነው፤ የቀረው ደህና ነው።

ከጄኔሬተር፦ ካርቡሬተር፣ የገመድ ማስነሻው፣ የሻማ ኮይሉ፣ ኤቪአሩ (ቮልቱን የሚያስተካክለው)፣ ታንከሩ ከነክዳኑ፣ ጎማው። ሞተሩ ከነከሰ አልተርኔተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የአልተርኔተሩ ጥቅል (የተጠመጠመው ሽቦ) ከተቃጠለ ደግሞ ሞተሩ። ሁለቱንም ሳትመረምሩ አትፍረዱ።

ከዩፒኤስና ከኢንቨርተር፦ ፋን፣ ትራንስፎርመር፣ ሪሌይ፣ ብሬከር፣ ሶኬት፣ ማሳያ ስክሪን፣ ያልተቃጠለ ቦርድ። ቦርዱን ቆራርጣችሁ ክፍሎቹን አታውጡ። ለጥገና የሚገዛው ሰው ሙሉውን ነው የሚፈልገው።

ከሞተር፦ ደህና የሚሽከረከር ኩሽኔታ፣ ፑሊ፣ ካፓሲተር፣ የመገናኛ ሳጥኑ።

ጥቅሉን ለመመርመር ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለበት የብረት አካሉ ላይ አስነኩ። ማንኛውንም ንባብ ካሳየ ሽቦው ከአካሉ ጋር ተገናኝቷል፣ በኪሎ ይሂድ። ንባብ ከሌለና የጥቅሉ ጫፎች ደግሞ እርስ በርስ የሚገናኙ ከሆነ፣ የተቃጠለ ሽታም ከሌለው፣ ሳታፈርሱ ለሞተር ጠቅላዮች አሳዩት።

በትልቅ ሾርት የዘለለ ብሬከር እንደ ደህና አይሸጥም። የሌላ ሰው ቤት ይጠብቃል ተብሎ ነው የሚገጠመው።

ደረጃ 5፦ መዳብ ነው ወይስ መዳብ የመሰለ?

ቀለም አትመኑ። የጥቅል ሽቦ በቫርኒሽ ስለሚሸፈን አሉሚኒየሙም ቀይ ቡናማ ይመስላል። አንድ ጊዜ ግማሽ ጆንያ «መዳብ» ይዤ ሄድኩ። ገዢው አንዷን ክር መዘዘ፣ በቢላ ጫፍ ፋቃት፣ ወደ ብርሃኑ አዞራት። ነጭ! ምንም አላለም፤ ጆንያውን በእግሩ ወደ አሉሚኒየሙ ክምር ገፋው። ስድስት ሰዓት የለፋሁበት ነበር።

ስለዚህ፦

- በካተር ቁረጡና ጫፉን እዩ። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ላዩ ቀይ፣ መሃሉ ነጭ።
- በቢላ ፋቁ። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው፤ አትጣሉት።
- በእጃችሁ መዝኑ። መዳብ በሴንቲሜትር ኪዩብ 8.96 ግራም፣ አሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ስለሆነ እጅ ይለየዋል።
- ከወጣው ገመድ ላይ ሳይሆን ከጥቅሉ ራሱ ፈትሹ። የአሉሚኒየም ጥቅል ላይ የመዳብ መውጫ ገመድ መበየድ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።
- ሁሉንም ጥቅሎች ፈትሹ። በአንድ ትራንስፎርመር አንዱ መዳብ፣ ሌላው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል።

ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው። ማግኔት የማይዘው ቢጫ ናስ ነው፤ የሽቦ ማሰሪያ ብሎኖችና ተርሚናሎች ላይ ይገኛል። ግን የተለበጠ ብረትም ቢጫ ይሆናልና ማግኔቱን አስነኩት።

አሉሚኒየም ሆኖ ካገኛችሁት እዚህ ቁሙና አስቡ። ጥቅሉን ለማውጣት የሚፈጀው ድካም ያው ነው፣ የሚገኘው ግን በጣም ያነሰ። እኔ ትንንሽ የአሉሚኒየም ሞተሮችን ሳልፈታ በሞተርነታቸው ነው የምሸጠው።

ደረጃ 6፦ ጥቅሉን ማውጣት

ከሞተር (ስቴተር)፦

1. ሁለቱን ክዳኖች የያዙትን ረጃጅም ብሎኖች ፍቱ። ክዳኑ ከያዘ ዘንጉን በእንጨት ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ምቱ። ክዳኖቹ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው፣ ለየብቻ ይቀመጡ።
2. ሮተሩን (የሚሽከረከረውን ክፍል) አውጡ። ጥቅል የሌለው ለስላሳ ሮተር ውስጡ የፈሰሰ አሉሚኒየም አለው፣ ግን ከላሜራው (ከተደራረበው ቀጭን ብረት) ጋር ስለተጣበቀ ለመለየት አትድከሙ። የጄኔሬተር ሮተር ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ጥቅል አለው።
3. ስቴተሩን (ጥቅል ያለበትን የማይዞረውን ክፍል) እዩት። በአንዱ ጎን ገመዶች ተገናኝተውና በክር ታስረው ታያላችሁ። ሌላኛው ጎን ንጹሕ ነው። የምትቆርጡት ንጹሑን ጎን ነው።
4. የመሮውን ጠፍጣፋ ጀርባ ላሜራው ላይ አስተኙና ጥቅሉን ከሥሩ ቁረጡ። ከላሜራው እኩል ይሁን። ትንሽ እንኳ ጎልቶ ከቀረ ሲጎተት ይሰነቀራል። ግራይንደር ይፈጥናል፣ ግን መዳቡን ዱቄት አድርጎ ይበትነዋል፣ ቫርኒሹንም ያጨሳል። እኔ መሮ እመርጣለሁ።
5. በየቀዳዳው አፍ ላይ ያሉትን የፋይበር ወይም የእንጨት ሽብልቆች ገፍታችሁ አውጡ።
6. ገልብጡት። ከገመዶቹ ጎን ባለው ቀለበት ውስጥ ጠንካራ ዘንግ አስገቡና እንደ ማንሻ ተጠቀሙ። ካልወጣ ከተቆረጠው ጎን በቀዳዳው ልክ በሆነ የብረት ዘንግ ምቱት። የመጀመሪያው ጥቅል እንባ ያስመጣል፤ ሦስተኛውና አራተኛው በራሱ ይከተላል።
7. ወረቀቱን፣ ክሩንና ገመዱን ለቅማችሁ አውጡ።

እሳት ላይ አድርጎ ቫርኒሹን ማቃጠል ያቀላል ይሏችኋል። ጭሱ መርዝ ነው፤ መዳቡም ይጠቁራል።

ከትራንስፎርመር፦ በጎኑ የብየዳ መስመር ካለ እሱን ብቻ በግራይንደር ክፈቱ፣ ከዚያ ላሜራው በመዶሻ ይላቀቃል። ብየዳ ከሌለ የመጀመሪያዋን ላሜራ በቀጭን መሮ ማላቀቅ ነው ችግሩ። እሷ ከወጣች ቀሪዎቹ እንደ ካርታ ይወጣሉ። ክብ ትራንስፎርመር ከሆነ ብረቱን አትንኩ፤ ጥቅሉን በአንድ ጎን በሰጌቶ ቁረጡና ላጡት። ደህና የሚሠራ ትራንስፎርመር ላይ ግን ይህን ሁሉ አታድርጉ።

ደረጃ 7፦ ገመዱን መላጥ ያዋጣል?

ወፍራሙ ያዋጣል፣ ቀጭኑ አያዋጣም። መሃሉን በሚዛን ወስኑ።

1 ኪሎ ገመድ መዝኑና ላጡት። እንበል 550 ግራም መዳብ ወጣው። ገዢው ላልተላጠው ገመድ የሚሰጠው የንጹሕ መዳብን ዋጋ ግማሽ ከሆነ፣ የ500 ግራም መዳብ ዋጋ ሳትለፉ ታገኙ ነበር። ትርፋችሁ የ50 ግራም መዳብ ነው። ለዚያች 50 ግራም ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?

ማቃጠል እዚህም የለም። የፒቪሲ ልባስ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝና ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። የተቃጠለ መዳብ ደግሞ ገዢው በዓይኑ ያውቀዋል፣ ከንጹሑ ጋር አይመዝንላችሁም።

ደረጃ 8፦ መደርደርና መሸጥ

የተደባለቀ ባልዲ የሚመዘነው ውስጡ ባለው በርካሹ ነገር ዋጋ ነው። ስለዚህ ለየብቻ፦ የሚያበራ ባዶ መዳብ፣ ቫርኒሽ ያለው ወይም ሊድ (የቦርድ መበየጃ) የነካው መዳብ፣ ያልተላጠ ገመድ፣ ናስ፣ ንጹሕ አሉሚኒየም፣ ቦርድ፣ ባትሪ፣ ተራ ብረት። የጥቅል ሽቦ ምንም ቢጸዳ ቫርኒሽ ስላለው ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ አንደኛ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፣ ነገር ግን በእሱ ምክንያት ንጹሑን ሁለተኛ አታስደርጉ።

ከማቀዝቀዣ አሉሚኒየሙ ላይ የብረት ብሎኖቹን ፍቱ። አራት ብሎን ለመፍታት ሁለት ደቂቃ ነው፤ ካልፈታችሁ ሙሉው «ብረት ያለው አሉሚኒየም» ተብሎ ይወርዳል። የኮንታክተርና የትልልቅ ሪሌይ መገናኛ ነጥቦች የብር ቅይጥ ናቸው። መጠናቸው ትንሽ ነው፣ በብልቃጥ አጠራቅሙ። አትሞርዱዋቸው ግን፤ አንዳንዶቹ ካድሚየም አላቸው፣ አቧራው መርዝ ነው።

ቤት መዝናችሁ ሂዱ። የመዳብ፣ የአሉሚኒየምና የእርሳስ ዋጋ የለንደን የብረታ ብረት ገበያን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፤ የትናንቱን ዋጋ ዛሬ አትጠብቁ። ቢያንስ ሁለት ገዢ ጠይቁ፣ ስትጠይቁም «መዳብ ስንት ነው?» ሳይሆን «ቫርኒሽ ያለው የሞተር ጥቅል ስንት ነው?» በሉ። ዓይነቱን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዋጋ ይነገረዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- መጀመሪያ መምታት፣ ከዚያ «ይህ ምን ነበር?» ማለት።
- ብሎን፣ ዳዶና ፋን ከብረቱ ጋር መጣል። ዳዶው ለራሳችሁም ይጠቅማል።
- ክብደት እንዲጨምር ጥቅል ውስጥ ብረት መተው። ገዢው ማግኔት አለው። ቀጥሎ የምታመጡትንም ያጠራጥረዋል።
- ብዙ ተመሳሳይ ሞተር ሲኖር ሁሉንም መፍታት። አንዱን ፍቱ፣ ሰዓት ያዙ፣ መዝኑ፣ ሳይፈታ ከሚሰጣችሁ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ቀሪዎቹን ከዚያ ወስኑ።
- በሥራ ልብስ እንደሆኑ መብላት። አሮጌ ቦርድ ላይ ያለው ሊድ እርሳስ አለው። እጅ በሳሙና፣ ልብስ ለብቻ።
- የኢንቨርተር ጄኔሬተርን ሮተር በባዶ እጅ መሳብ። ብዙዎቹ ጠንካራ ቋሚ ማግኔት አላቸው፤ ብረት አጠገብ ካለ ጣት መሃል ይገባል። የልብ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠጋው።